እስከ ዘይላ የፈሰሰ ወተት

የጡጦው ጫፍ የታኘከ መሆኑን ኬሪያ ያስተዋለችው ቶጎጫሌ ከደረሱ በኋላ ነው።

ማየቱንስ ጠዋት ጅጅጋ ላይ አይታዋለች። ሚኒባሱ በራቸው ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ፣ ባሏ ፉአድ ሻንጣ እየጫነ፣ ጎረቤቷ ዐናብ የኬሪያን ልጅ ኢልሀምን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ ጡጦውን በሁለት እጇ ይዛ እየሳበች እናቷን በጎን ታያለች። ኬሪያ ያን ጊዜ ልቧ ያለው የልጅቷ ዓይን ላይ ነው፤ ታለቅሳለች ብላ ስትጠብቅ አላለቀሰችም። አልቅሳ ቢሆን ኖሮ ወርዳ ትቀር ነበር። ሚኒባሱ ተነሳ። ድንበሩ ላይ ግን፣ ፉአድ ፓስፖርቶቹን ሊያስመታ ሄዶ እሷ ከጭነት መኪኖቹ አቧራ አፏን በሻሿ ሸፍና ስትጠብቅ፣ ያ ጡጦ ብቻውን ዓይኗ ላይ መጣ። ላስቲኩ ተጠፍጥፏል፣ ጠርዙ ተበልቷል። ፉአድ "ትናንት አዲስ ገዛሁላት፣ እኛ እስክንመለስ ብቻ ነው" ብሏት ነበር። አንድ ሌሊት ያደረ ጡጦ እንዲያ አይሆንም። ያ ጡጦ ጥርስ ሲያርፍበት ሰንብቷል።

ኬሪያ ብዙ ነገር የምትፈራ ሴት ናት፤ ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ፍርሃቷን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የፈላ ውሃ፣ ያልተከደነ ጉድጓድ፣ ባጃጅ፣ የሰው ዓይን፣ ሁሉም ልጇን ሊወስድባት የቆመ ይመስላታል። የጡጦው ግን ምክንያት አለው። የመጀመሪያ ልጇ ሳይተነፍስ ተወለደ። ሁለተኛው፣ ወንዱ፣ ድክ ድክ ሊል ሲል እሷ በታይፎይድ ተኛች፤ የቤቱ ሰው በጡጦ የዱቄት ወተት ሰጠው፤ ተቅማጥ ጀመረው፤ እሷ ከአልጋዋ ሳትነሳ ቀበሩት። ኢልሀም ስትወለድ ለማንም ሳትነግር አንድ ነገር ወሰነች፤ ከዚህች ልጅ አፍ ከጡቴ በቀር ሌላ ወተት አይገባም። ልጅቷ ጥርስ አበቀለች፣ ሮጠች፣ አፏን ፈታች፣ ሁለት ዓመቷን አልፋ ሦስተኛውን ስታጋምስም ጡት አልተወችም።

ፉአድ ምንጣፍ ነጋዴ ነው። ቀልድ ይወዳል። "የኔ ልጅ እንግዲህ ተድራም ባሏን በር ላይ አቁማ ጠብታ ነው የምትገባው" እያለ ሱቁ ለሚመጣው ሁሉ ያወራል። ሸሁን ጠየቃቸው። እሳቸውም ጡት ሁለት ዓመት ሙሉ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ባልና ሚስት ተማክረው እንደሚያደርጉት ነገሩት። ፉአድ ምክሩን ትቶ ሁለት ዓመቱን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ኬሪያ አልሰማችውም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጡት ማውራት አቆመ። ሰው ሆነ። ከሰዓት ከሰዓት "ትንሽ ዕረፊ፣ እኔ ሱቅ ይዣት ልዋል" እያለ ልጅቷን ይወስድላታል። በጥር ወር አንድ ቀን ደግሞ ራት ላይ እንዲህ አላት፦

"በርበራ ለዕቃ ስመላለስ ስንት ዓመቴ፤ አንቺ ባሕር በዓይንሽ አይተሽ አታውቂም። ጫጉላ የሚባልም አልነበረንም። ከበርበራ ባሕሩን ተከትለን ዘይላ፣ ከዘይላ ጅቡቲ፣ በደወሌ ገብተን በድሬዳዋ ወደ ቤት። ምን ትያለሽ?"

አለቀሰች። በደስታ ነው ያለቀሰችው። ኢልሀምን ይዘን እንሂድ ስትለው ራሱን ነቀነቀ። "የባሕሩን ሙቀት አታውቂውም። ውሃው ጨው ነው፣ ሐኪም የለም። ቢያስቀምጣት የት እናደርሳታለን?" አለ። የትኛው ፍርሃት ላይ ጣቱን እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

አሁን ድንበሩ ላይ ፓስፖርቶቹን እያራገበ ሲመለስ ጠበቀችው።

"ፉአድ፣ ጡጦው አዲስ አይደለም።"

"የቱ ጡጦ?"

"የኢልሀም። ጫፉ ተበልቷል።"

ፓስፖርቶቹን ደረት ኪሱ ከቶ ሳቀ። "ድንበር ላይ አቁመሽኝ የላስቲክ ምርመራ! የዐናብ የእህት ልጆች ጡጦ ይሆናላ። የኔን ጥላው ይሆናል። ቀቅላዋለች።"

"የሌላ ልጅ አፍ የነበረ?"

"ቀቅላዋለች አልኩሽ እኮ።"

"ባትቀቅለውስ? እኔ ልመለስ ፉአድ።"

"ተመለሺ" አለ፤ ድምፁን ግን ሰው እንዲሰማው ከፍ አደረገ። "እኔ ሾፌር ከሐርጌሳ ድረስ አስመጥቻለሁ። እሄዳለሁ። አንቺ ተመለሺና ላስቲክ ቀቅይ።"

ዕቃ የተሸከሙት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። አንዷ ሴት ሳቀች። ኬሪያ ሻሿን አስተካክላ ከኋላው ተከተለች።

ሾፌሩ ጉሌድ ይባላል። ልጅነቱን በስደት ጅጅጋ አካባቢ ስላሳለፈ አማርኛው ጥርት ያለ ነው። "አባዮ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" ብሎ፣ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው፣ ሻንጣዋን ተቀበላት። መኪናው መሪው በቀኝ ነው፤ እዚያ አገር ያለው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ የሚነዳው ግን እንደኛ በቀኝ መስመር ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለማለፍ ሲፈልግ፣ ከግራው የተቀመጠው ሰው አንገቱን አውጥቶ መንገዱ ነጻ መሆኑን ይነግረዋል። ከግራው የተቀመጠው ፉአድ ነው። ከኋላ የተቀመጠችው ኬሪያ ናት።

"ሂድ፣ ሂድ፣ ነጻ ነው... ኧረ መጣብን!" ብሎ ጮኸ ፉአድ።

ኬሪያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጮኸች። ምንም የመጣ አልነበረም። ፉአድ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ጉሌድም መጀመሪያ ላይ ሳቀ። ሐርጌሳ እስኪደርሱ ይህንኑ ደጋገመው፤ ሁልጊዜም ጮኸች፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች ጮኸች፤ ምክንያቱም አንዱ እውነት ቢሆንስ?

ሐርጌሳ ሲደርሱ ጡቷ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ በር ዘግታ አለበችው። ነጩ በሲንኩ ቀዳዳ ሲወርድ እያየች፣ ይህ የማታዋ ነበር፣ ይህ የእንቅልፏ ነበር አለች በልቧ። ፉአድ ካልጋው ላይ ሆኖ፣ "ኬሪያ! ፋብሪካውን ዝጊና ነይ እንጂ!" አላት።

በማግሥቱ ስልኩን ለምና ጅጅጋ ደወለች።

"ደህና ናት አባዮ፣ ወላሂ ደህና ናት" አለች ዐናብ።

"ድምጿን ልስማ። ስጪኝ።"

"ተኝታለች።"

ከዐናብ ድምፅ ኋላ አንድ ልጅ በሳቅ ይንከተከታል። ኬሪያ ያንን ሳቅ ከአንድ ገበያ ሕዝብ መሃል ትለየዋለች።

"የምትስቀው ማን ናት?"

"ቲቪ ነው" አለች ዐናብ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ኬሪያ ስልኩን ይዛ ቆማ ቀረች። ስታለቅስ ቢሆን የሰማቻት ምን ታደርግ እንደነበር ታውቃለች። በእግሯም ቢሆን ትመለስ ነበር። የምትስቅ ልጅ ዘንድ ምን ተብሎ ይሮጣል?

በርበራ ላይ ባሕሩን አየችው። እንደተነገራት ሰፊ ነው። ፉአድ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፣ ውሃ ወደ እሷ ረጨ፣ "አየሽው? በይ እንግዲህ ወሬ አለሽ፤ ለሴቶቹ ታወሪያለሽ" አላት። እሷ ዳር ቆማ ዓባያዋ ፊት ለፊት በሁለት ክብ ረጥቦ ነበር፤ የባሕሩ ውሃ ግን አልነካትም። ክፍላቸው ሲገቡ ከሻንጣው ሥር ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ አውጥቶ ሰጣት።

"እሰሪው። አትለቢው፤ ባለብሽው ቁጥር ይሞላል።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ከጅጅጋ፣ ከፋርማሲ። አስቤልሽ።"

እውነትም ደስ አላት። ከቤት ሳይወጡ ሕመሟን አስቀድሞ አስቦላት! ግን አላሰረችውም። ጡት ከታሰረ ይደርቃል፣ ይህን ማንም ሴት ያውቃል። ስትመለስ ኢልሀም ደርቃ እንድታገኛት አትፈልግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው በቆመ ቁጥር፣ ወንዶቹ ውሃ ሽንት ሲሉ፣ እሷ ወደ ሌላው ጎን ዞራ አሸዋው ላይ ታልባለች። አሸዋው ወዲያው ይጠጣዋል። ምንም አይቀርም።

ከበርበራ ወደ ምዕራብ መንገድ የሚባል የለም፤ የመኪና ዱካ ነው። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው እሾህ። ቡልሐርን አልፈው ሉግሃያ ሳይደርሱ መኪናው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ፉአድና ጉሌድ ጎማው ሥር የሚነጠፍ እንጨትና የሚገፋ ሰው ፍለጋ ሄዱ፤ ኬሪያን ከመንገዱ ዳር ሻይ ከምትሸጥ ሴት ዳስ ውስጥ አስቀመጧት።

ሻይ አልነበረም። እሳቱ ጠፍቷል። ሴትዮዋ፣ ዐያን ትባላለች፣ በትኩሳት ተኮራምታ ሰሌን ላይ ተኝታለች። አጠገቧ የጥቂት ወር ሕፃን ድምፁ አልቆ እንደ ድመት ይነጫነጫል። ኬሪያ ገበያ የሚያስኬድ ሶማልኛ አላት።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ወተቴ ሄደ" አለች ዐያን። "ባሌ ፍየል ሊያመጣ ወጥቷል። ዛሬ ይመጣል፣ ወይም ነገ።"

ኬሪያ መጀመሪያ ያሰበችው ትኩሳቱ ይተላለፍ እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ዝንቡን አሰበች። ሕፃኑ እንደገና ሲነጫነጭ ግን ጡቷ እሷን ሳይጠይቅ ፈሰሰ። ተቀመጠች፣ አነሳችው፣ ዓባያዋን ከፈተች። ልጁ እንደ ሰመጠ ሰው ያዛት። መጀመሪያ አመማት፤ ከዚያ ከጀርባዋ ጀምሮ አንድ ነገር ተፈታ። አለቀሰች። ከኢልሀም ሰርቃ የሰጠች መሰላት፤ ቢሆንም አላስጣለችውም። ዐያን እጇን ዘርግታ የኬሪያን ጉልበት ዳሰሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

ወንዶቹ ወደ ማምሻው ሲመለሱ ሕፃኑ ለሁለተኛ ጊዜ እየጠባ ነበር።

ፉአድ ዳሱ በር ላይ ቆመ። "ምንድን ነው ይሄ?"

"ራበው። እናቱ ታማለች።"

"የማንም ልጅ? የማንንም ልጅ አንስተሽ? አሁን ይሄ የልጄ የጡት ወንድም ሆነ ማለት ነው?"

ጉሌድ ነገሩን ሊያበርድ ፈለገ። "አይዞህ ፉአድ፣ በሁለቴ ወንድም አይኮንም። በሸሪዓው አምስቴ ሲጠባ ነው። ሦስት ይቀረዋል፤ ሚስት ከጎደለው ኢልሀምን አሁንም መጠየቅ ይችላል።"

"አንተ ዝም በል!" ወደ ሚስቱ ዞረ። "ፋሻውን ለምን አላሰርሽም? ድንበር አቋርጬ ያመጣሁሽ ይሄ እንዲደርቅ አይደለም እንዴ!"

ካፉ አመለጠው። መኪናውን ሲገፋ ውሎ ደክሞታል፣ ጫቱንም አላገኘም። አንዴ ካመለጠው ግን ሊመልሰው አልሞከረም።

"ምን አልክ?" አለች ኬሪያ።

"የሰማሽውን። ልጅቷ ጡት ትጣል። አንቺን ከፊቷ ካላነሳሁ እንደማትጥል ሁሉም ሰው ያውቃል። ከሰዓት ከሰዓት ሱቅ የምወስዳት መስሎሽ ነው? ዐናብ ጋ ነው። ከረመዳን ጀምሮ። የግመል ወተት፣ ተፈልቶ፣ በጡጦ። አልሞተችም። አየሽ? ጡጦ ጠባች፣ አልሞተችም! እኔ ወንድ ልጅ እፈልጋለሁ፤ አንቺ እያጠባሽ አታረግዢም። ስንት ጊዜ ለመንኩሽ።"

"ባሕሩ... ጫጉላው..."

"ባሕሩንማ አየሽው አይደል? አልዋሸሁሽም።"

ኬሪያ ልትነሳ ፈለገች፤ ሕፃኑ ግን ገና ይጠባል። ባሏ ይህን ሁሉ ሲናገራት ከጡቷ ላይ የሰው ልጅ አንጠልጥላ ተቀምጣ ሰማችው። በዓይኗ ላይ የነበረችው ዐናብ ናት፤ በዚያ ሁሉ ከሰዓት፣ ልጅቷ ከአጥሩ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። እሷ ተኝታ ስታርፍ።

መኪናው በማግሥቱ ጠዋት ወጣ። የዐያን ባል አልመጣም። ዐያን ሕፃኑን ታቅፋ እየተወለካከፈች መኪናው ድረስ መጥታ መስኮቱን ያዘች። "አንዴ" አለች። "ለመንገድሽ አላህ ይሰጥሻል፣ አንዴ ብቻ አጥግቢልኝ።" ልጁ እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ይጮኻል። የኬሪያ ጡት ሞልቷል።

"ንዳ" አለ ፉአድ።

ጉሌድ አልነዳም። በመስታወቱ ኬሪያን አያት። "አባዮ፣ ትንሽ ብንቆይ ምን አለበት? እኔ ጎማዎቹን ልፈትሽ።"

አንድ ቃል ብቻ ነበር ከእሷ የሚጠበቀው። ሾፌሩ ከእሷ ጋር ነው። ኬሪያ ግን የምታስበው ሌላ ነው፤ ፉአድ ከተቆጣ መንገዱን ያስረዝመዋል፤ እዚህ የሚባክነው ጊዜ ከኢልሀም የተቆረጠ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዲት ሴት በየቀኑ ጡጦ እያፈላች ነው። የዐያንን ጣቶች ከመስኮቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

"ንዳ" አለች።

ጉሌድ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልቀለደም፤ እስከ ዘይላም አባዮ ብሎ አልጠራትም። ዘይላ ሲደርሱ ፉአድ የፈረሱትን የድንጋይ ቤቶች አሳያት፤ እሷ ከአንዱ ግድግዳ ኋላ ሄዳ ለመጨረሻ ጊዜ አለበች።

ጅቡቲ ላይ ጉሌድ ተሰናብቷቸው ተመለሰ። ፉአድ ባሕር የሚያሳይ ክፍል ያዘ። ኬሪያ በነጋታው እንሂድ አለችው።

"ጡትሽ ሳይደርቅ ደወሌን አናልፍም" አላት፤ ጫማውን እያወለቀ። "አንዴ ካገኘችው የዐናብ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።"

"ፓስፖርቴን ስጠኝ።"

"ለምንሽ?"

"እጮኻለሁ።"

"ጩኺ። ለማን? እዚህ ማን ያውቅሻል?"

ያን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ወተቱን ካቆየችው ከልጇ ትርቃለች፤ ወደ ልጇ ለመሄድ ወተቱን መግደል አለባት። ሲመሽ ፋሻውን ራሷ ጠየቀችው። ከጀርባ ሊያስርላት ሲመጣ "አጥብቀው" አለችው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ፋሻውን ፈትቶ ይፈትሻታል። ፍየል ሊገዛ እንደቆመ ሰው በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል። ጠብታ ይወጣል። "ገና ነው" ይላል፤ ያስራል፤ ጫቱን ሊገዛ ይወጣል። ትኩሳት ያዛት፣ አንቀጠቀጣት፤ የዐያን በሽታ ነው ብላ ለራሷ ፈረደች። ከመስኮቱ ሥር መርከቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እሷ የምታየው የራሷን ደረት ነው። ቶሎ ድረቅ ትለዋለች። ቶሎ ድረቅልኝ።

አንድ ጠዋት ፉአድ ተጫነ፣ እንደገና ተጫነ፣ ጣቱን አየ። "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ግንባሯንም ሳማት።

በአውቶቡስ በደወሌ ገቡ። አዲሱ ሐዲድ የሚዘረጋበት ጊዜ ስለነበር ሠራተኞቹ በጸሐይ ብረት ይሸከማሉ። ፉአድ ለኢልሀም የገዛላትን አሻንጉሊት በጉልበቱ ይዞ ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር ይጫወታል፤ ባለቤቴን ባሕር አሳይቻት መመለሴ ነው ይላል። ሴቶቹ "ታድለሽ" አሏት። ኬሪያ በመንገዱ ሁሉ ያሰበችው ልጇ ሞታ ስለምትጠብቃት ነው። መኪና ይገጫታል፣ ተቅማጥ ይይዛታል፣ ጉድጓድ ትገባለች፤ ይህን ሁሉ በየዓይነቱ አይታ፣ ቀብራ፣ አልቅሳ ነው ጅጅጋ የደረሰችው።

ኢልሀም አልሞተችም። ወፍራለች። ዐናብ ደጃፍ ላይ ከጠጠር ጋር ትጫወታለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ጸጉሯ ተጎንጉኗል፣ ዓይኗ ተኩሏል።

"ኢልሀም! የኔ ዓለም!"

ልጅቷ ቀና አለች። አልረሳቻትም። ብትረሳት ይሻል ነበር። አየቻት፣ አወቀቻት፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተነስታ ሮጠችና በዐናብ ሰፊ የድርያ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀበረች።

"ሆዮ" አለች። በሶማልኛ እማዬ ማለት ነው። ያለችው ለዐናብ ነው።

ዐናብ ደነገጠች። ልጅ ያልወለደች፣ ባሏ በዚሁ ምክንያት ሌላ ያገባባት ሴት ናት። "እኔ አላስተማርኳትም አባዮ፣ ወላሂ! የእህቴ ልጆች ሲሉ ሰምታ ነው። ነይ እናትሽ ናት፣ ሂጂ!"

"ከረመዳን ጀምሮ ነው አይደል?" አለች ኬሪያ።

ዐናብ መሬት መሬት አየች። "ፉአድ ለመነኝ። እኔም... ይርባት ነበር እኮ አባዮ። ያንቺ አይበቃትም ነበር። መጀመሪያ ቀን በጽዋ ስሰጣት በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረሰችው። ከዚያ ጽዋውን ላሰችው። እንዴት ልንገርሽ?"

ከሁሉም ይህኛው ነው የገባት። ባሏ የነገራት ሁሉ ክፋት ነበር፤ ክፋት ይጠላል፣ ያልፋል። ይህ ግን ክፋት አልነበረም። ኬሪያ ልጅቷን ከድርያው ላይ ነቅላ፣ እየተራገጠች፣ ወደ ቤቷ ይዛት ገባች።

ፉአድ አሻንጉሊቱን አሳያት፣ ዞር አላለችም። ኬሪያ መኝታ ቤት ወስዳ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ፋሻውን ፈታች። "ነይ" አለቻት። "ነይ የኔ እናት፣ ያንቺ ነው።"

ልጅቷ ማልቀሷን አቆመች። ጡቱን አየችው፣ በጣቷ ነካችው፣ እንደ ድሮዋ ጭንቅላቷን አዘንብላ ያዘችው። ኬሪያ ትንፋሿን ያዘች። ኢልሀም ሳበች፣ እንደገና ሳበች። ከዚያ አፏን አላቀቀችና፣ ባዶ ጽዋ እንደሚያሳይ ሰው መዳፏን ገልብጣ፣ ያለ ቁጣ፣ "አልቋል" አለች። ከአልጋው ወርዳ ወደ በሩ ሄደች።

መሸት ሲል ዐናብ በጽዋ ወተት ይዛ መጣች። ደፉን አላለፈችም። "ይህን ካልጠጣች አትተኛም" አለች ቀስ ብላ። "እኔ አልገባም። አንቺ ስጫት።"

"ተቀበያት" አለ ፉአድ ከኋላ።

"ዐኖ!" አለች ኢልሀም፤ ወተቱን ነው፤ ሁለት እጇን ዘርግታ እየዘለለች።

ኬሪያ በሩ መሃል ቆመች። ዐናብን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ማሕፀንሽ እምቢ ሲልሽ የኔን ልትወስጂ ነው?" አለቻት። "ባልሽ ለምን ጥሎሽ እንደሄደ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ከፈለግሽ ሉግሃያ ዳር አንድ ትቼ መጥቻለሁ፤ እናቱ ሳትሞት አትቀርም፤ ሂጂና ውሰጂ።"

ወተቱ ከጽዋው ጠርዝ ትንሽ ፈሰሰ።

"ኬሪያ!" አለ ፉአድ። ቀልደኛው ሰውዬ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። "ኧረ አላህን ፍሪ። ልጅቷ ርቧታል፣ ወተቱን ተቀበይ። ሌሊቱን ታለቅሳለች።"

"ታልቅስ" አለች።

በሩን ዐናብ ፊት ላይ ገፋችው። ኢልሀም በክፍተቱ ልትሾልክ ስትል በእጇ ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻት፤ ልጅቷ ተንደርድራ የብረት በሩን በሁለት መዳፏ እየመታች "ሆዮ! ሆዮ!" ትላለች። በበሩ ሥር ባለው ቀዳዳ የዐናብ እግሮች ይታያሉ፤ አልሄዱም። ፉአድ ሊከፍት እጁን ዘረጋ። ኬሪያ ቀደመችው። መቀርቀሪያውን ገፋች፣ ቁልፉን አዞረች፣ ነቅላም ደረቷ ውስጥ ከተተችው።